አጥርና ሥርዓት፦ ግሸን፣ ሐይቅ እስጢፋኖስና የመምህራን ትጋት



ስለ ሥራ አካባቢና ስለ ሠራተኛ ትጋት ሲነሣ ዘወትር የሚጠቀሰው የዘመናችን የአስተዳደር ትምህርት ነው። መምህርን በተቋሙ የሚያጸናው ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ ግን በአገራችን ረጅም ታሪክ አለው። ሁለት ምስክሮች እዚሁ ደቡብ ወሎ ውስጥ ይገኛሉ።

አንደኛው በአምባሰል የሚገኘው ግሸን ነው። ገደል የከበበው ይህ አምባ እስከ 16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ የነገሥታት ልጆች በዘብ የሚጠበቁበት ነበር። ክብራቸው ባይጠፋም መውጣት አልተፈቀደላቸውም።

ሁለተኛው ሐይቅ እስጢፋኖስ ነው። ዛሬ በየብስ ቢደረስበትም ያን ጊዜ ደሴት ነበር፤ እርሱም እንደ ግሸን የታጠረ ነው። ነገር ግን ወደ ግሸን ሰው ይወሰድ ነበር፤ ወደ ሐይቅ ግን ይመጣ ነበር። በደብረ ዳሞ በአባ ዮሐኒ ሥር የተማሩት አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወደዚህ መጥተው ሥርዓተ ምንኵስናን አጸኑ፤ ትምህርት ቤትም አቋቋሙ።

የሚስበው ምን ነበር? በመጀመሪያ መጻሕፍት ነበሩ። አንድ የብራና መጽሐፍ የብዙ እንስሳት ቆዳና የጸሐፊን ረጅም ድካም ይጠይቃል። ኢየሱስ ሞዐ እ.ኤ.አ. በ1280/81 ለገዳሙ ያበረከቱት ወንጌል እስከ ዛሬ አለ፤ በውስጡም የገዳሙ መጻሕፍት ተዘርዝረዋል። የሥራው መሣሪያ የማኅበሩ ሀብት ሆኖ በጽሑፍ ሰፍሯል ማለት ነው። ሁለተኛው ስንብት ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በዚያ ተምረው ሄዱ፤ በኋላ ደብረ ሊባኖስ የተባለውን ደብረ አስቦን መሠረቱ። የደቀ መዝሙሩ መሄድ የመምህሩን ስም አሰፋ እንጂ አላጎደለም።

ፈተናም አልታጣም። የሐይቅ አበምኔት ዓቃቤ ሰዓት ተብሎ የንጉሥ ባለሟል ሲሆን፣ ክብሩ ኃላፊውን ከቦታ ቦታ ከሚዘዋወር ቤተ መንግሥት ጋር አስተሳሰረው።

ሰባት መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1950 በዶክተር ሉስየን ማት የሚመሩ ካናዳውያን የካቶሊክ ኢየሱሳውያን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅን ሥራ አስጀመሩ። የክህነት ልብስ አይለብሱም፤ ሃይማኖታቸውንም አይሰብኩም ነበር። እምነታቸው የሚገለጥበት ብቸኛ መንገድ የዕለት ሥራቸው ነበር።

ዛሬ የካቶሊክ ኮሌጆችም ሆኑ የእኛ ፋኩልቲ ይህን ሊመረምሩት ይገባል። መምህር ሲለቅ ውልን ማጥበቅና የመገኘት ፊርማን ማብዛት የግሸን መንገድ ነው፤ አካልን ያቆያል፣ ልብን አያቆይም። በእርግጥ መምህር መነኩሴ አይደለም፤ ቤተሰብ አለው፣ ተገቢ ደመወዝ ይገባዋል። ደመወዙ ከተከፈለ በኋላ ግን ሌላ ጥያቄ ይቀራል፦ የሚሠራበት መጽሐፍ አለው? ደንቡ አለቃውንም ይገዛል? ሲሄድስ በምርቃት ይሸኛል?