በቫይረስ ምክንያት አልነሳ ያለ ኮምፒውተር

በቫይረስ ምክንያት አልነሳ ያለ ኮምፒውተር የሚባለው ኤሌክትሪክ እያገኘና ማራገቢያው እየዞረ፣ ነገር ግን በጎጂ ፕሮግራም ወይም ጎጂውን ፕሮግራም ለማጥፋት በተደረገ ሙከራ የተነሳ ለሥራ ዝግጁ እስከሚሆንበት ደረጃ መድረስ ያቃተው ኮምፒውተር ነው። ምልክቱ ብዙ ዓይነት ነው። ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ ይዞ ይቆማል፤ የዊንዶውስ አርማ ላይ ደርሶ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳል፤ የይለፍ ቃል ከተቀበለ በኋላ ወዲያው ይወጣል፤ ወይም አንድም አይኮን የሌለው ባዶ ዴስክቶፕ ያሳያል።

በኢትዮጵያ ለዚህ ችግር የተለመደው መፍትሔ «ፎርማት ማድረግ» ነው። ፎርማት ማድረግ ኮምፒውተሩን ያስነሳል፤ ግን በዲስኩ ላይ የነበረውን ሥራም ይዞ ይሄዳል። በአብዛኛው ጊዜ ግን የተበላሸው ኮምፒውተሩን ከሚያስነሱት ክፍሎች አንዱ እንጂ የባለቤቱ ፋይል አይደለም። ስለዚህ ከጥገናው በፊት የሚቀድመው ጥያቄ «ኮምፒውተሩ የቆመው የት ላይ ነው?» የሚለው ነው።

ኮምፒውተር የሚነሳበት ቅደም ተከተል

ኮምፒውተር የሚነሳው በቅብብሎሽ ነው። ማብሪያው ሲነካ መጀመሪያ የሚሠራው ማዘርቦርዱ ላይ ባለ ቺፕ ውስጥ የተቀመጠው ፕሮግራም ነው። በቆዩ ኮምፒውተሮች ባዮስ፣ በአዳዲሶቹ ዩኢኤፍአይ ይባላል። ይህ ፕሮግራም ራሙን፣ ኪቦርዱንና ዲስኩን ከፈተሸ በኋላ ሥራውን ዲስክ ላይ ላለው የማስነሻ ፕሮግራም ያስረክባል።

ባዮስ የሚያነበው የዲስኩን የመጀመሪያ ሴክተር ነው። ሴክተሩ 512 ባይት ብቻ ነው፤ 446ቱ የማስነሻ ኮድ፣ 64ቱ ዲስኩ እንዴት እንደተከፋፈለ የሚያሳይ ሠንጠረዥ፣ የቀሩት 2 ባይቶች ማረጋገጫ ምልክት ናቸው። ዩኢኤፍአይ ግን የማስነሻ ፕሮግራሙን ለብቻው ከተለየ የዲስክ ክፍል ላይ እንደ ተራ ፋይል አንስቶ ያስኬዳል። ከዚያ የዊንዶውስ ከርነልና ድራይቨሮቹ ወደ ራም ይገባሉ። ቀጥሎ ዊንሎጎን የተባለው ፕሮግራም የይለፍ ቃል ይጠይቃል፤ ቃሉ ትክክል ከሆነ ዩዘርኢኒት የተባለውን ትንሽ ፕሮግራም ይጠራል። ዩዘርኢኒት ደግሞ ዴስክቶፑንና የታችኛውን አሞሌ የሚያሳየውን ኤክስፕሎረርን ያስነሳል።

ከእነዚህ አንዱ ከተበላሸ ቅብብሎሹ እዚያው ይቆማል። ጥሩው ነገር፣ የቆመበት ቦታ የተበላሸውን ክፍል ይጠቁማል።

ቫይረስ ነው ወይስ ሌላ ነገር?

እንደ ድሬዳዋ ባለ ሞቃትና አቧራማ ከተማ፣ መብራት በሚቆራረጥበት ሁኔታ፣ ቫይረስ ተብለው ከሚጠረጠሩት ብልሽቶች ብዙዎቹ ቫይረስ አይደሉም። ከከተማዋ በስተደቡብ ምሥራቅ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ሐርላ የሚኖር ተማሪ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ተሸክሞ ወደ ጥገና ቤት ከመውረዱ በፊት ቤቱ ሆኖ የሚሞክራቸው ጥቂት ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው ኮምፒውተሩ ላይ የተሰካ ፍላሽ ወይም ሲዲ ካለ መንቀል ነው። ኮምፒውተሩ ከዲስኩ በፊት ፍላሹን እንዲያነብ ተስተካክሎ ከሆነ፣ ማስነሻ የሌለውን ፍላሽ አንብቦ «ኦፐሬቲንግ ሲስተም የለም» የሚል መልእክት ያወጣል። ፍላሹ ሲነቀል በደህና ይነሳል። ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በዚህ ብቻ ፎርማት የተደረገ ኮምፒውተር አለ።

ሁለተኛው የሙቀት ሙከራ ነው። ወደ ባዮስ ማስተካከያ ገጽ ገብቶ (እንደ ኮምፒውተሩ ዓይነት ኤፍ2 ወይም ዲሊት የሚለውን ቁልፍ በመጫን) ለሩብ ሰዓት ያህል እዚያው መተው ነው። እዚህ ገጽ ላይ ዊንዶውስ ገና አልተነሳም፤ በዊንዶውስ ውስጥ የሚኖር ቫይረስም አልነቃም። ኮምፒውተሩ እዚህም እያለ ድንገት ከጠፋ ጥፋቱ የቫይረስ ሳይሆን የአቧራ፣ የማራገቢያ ወይም የፓወር ሰፕላይ ነው። እዚያው ገጽ ላይ ሃርድ ዲስኩ በስም ካልተዘረዘረ፣ ወይም ዲስኩ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ካሰማ፣ ዲስኩ ራሱ እየሞተ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው ቀኑን ማየት ነው። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታክል ባትሪ ካለቀች መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ የዲስኩ አሠራር ምርጫም አብሮ ሊቀየር ይችላል። በዚህ ጊዜ ዊንዶውስ ዲስኩን ማግኘት አቅቶት ሰማያዊ ስክሪን ያወጣል። መድኃኒቱ ባትሪዋን ቀይሮ ምርጫውን ወደ ነበረበት መመለስ ነው።

ቫይረሶች መነሳትን የሚያበላሹባቸው መንገዶች

የማስነሻ ሴክተርን መያዝ ከጥንታውያኑ ዘዴዎች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 በፓኪስታን ላሆር ከተማ ሁለት ወንድማማቾች የጻፉት ብሬይን፣ በአይቢኤም ዓይነት የግል ኮምፒውተሮች ላይ ከተስፋፉት ቫይረሶች የመጀመሪያው ሲሆን የሚኖረው በፍሎፒ ዲስክ ማስነሻ ሴክተር ላይ ነበር። በ1991 የተገኘው ማይክል አንጀሎ ደግሞ በየዓመቱ ማርች 6 ቀን የዲስኩን መጀመሪያ በሌላ ነገር ይጽፍበት ነበር። በ1998 ታይዋን ውስጥ የተጻፈው ሲአይኤች (አገሪቱን ማለት ነው፤ የድሬዳዋውን ታይዋን ገበያ አይደለም) ከዚህ አልፎ በአንዳንድ ማዘርቦርዶች ላይ የባዮሱን ቺፕ ይዘት ያጠፋ ስለነበር፣ የተጠቃው ኮምፒውተር ቺፑ እስኪቀየር ወይም እንደገና እስኪጻፍ ድረስ ምንም ነገር አያሳይም ነበር።

በኢትዮጵያ ተማሪዎች ዘንድ በብዛት የሚታወቁት ግን በፍላሽ የሚተላለፉት ናቸው። የመመረቂያ ጽሑፉን ለማሳተም ፍላሹን ፎቶ ኮፒ ቤት የወሰደ ሰው ፎልደሮቹ ሁሉ ወደ ሾርትከት ተቀይረው ያገኛቸዋል። በ2008 የታየው ኮንፊከር በኔትወርክና በፍላሽ ተሰራጭቷል፤ ከ2003 ጀምሮ የሚታወቀው ሳሊቲ ደግሞ ፕሮግራሞችን ከመበከል ሌላ ለሴፍ ሞድ የሚያስፈልጉትን የሬጂስትሪ መረጃዎች ይሰርዛል። ስለዚህ በሳሊቲ የተያዘ ኮምፒውተር በሴፍ ሞድ ላስነሳው ሲሉት ሰማያዊ ስክሪን ያወጣል። ሌሎች ቫይረሶች በዊንሎጎን መረጃ ውስጥ በዩዘርኢኒት ወይም በኤክስፕሎረር ቦታ የራሳቸውን ስም ይጽፋሉ፤ ታስክ ማኔጀርንም ይዘጋሉ።

ከሁሉም አጥፊ የሆነው ኖትፔትያ ነው። እ.ኤ.አ. ጁን 27 ቀን 2017 ከዩክሬን ተነስቶ የተሰራጨው ይህ ፕሮግራም ኮምፒውተሩን እንደገና አስነስቶ የዲስክ ጥገና የሚመስል የሐሰት ስክሪን እያሳየ የፋይሎቹን ማውጫ በሚስጥር ኮድ ይቆልፍ ነበር። የመርከብ ድርጅቱ ሜርስክ 4,000 ሰርቨሮችንና 45,000 ኮምፒውተሮችን እንደገና መጫን ግድ ሆኖበታል። የድርጅቱን የተጠቃሚዎች መዝገብ ከያዙት ሰርቨሮች ያልተነካው አንድ ብቻ ሲሆን፣ እሱም ጋና ውስጥ በዚያ ሰዓት መብራት ጠፍቶበት ከኔትወርክ ውጪ የነበረ ነው። መብራት መጥፋት ኮምፒውተር ያተረፈበት ሌላ ታሪክ ማግኘት ይከብዳል።

አንቲቫይረሱ ራሱ ሲያበላሽ

ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነገር ኮምፒውተሩ ቫይረሱ እያለ ይሠራ ቆይቶ፣ ቫይረሱ ከተሰረዘ በኋላ አልነሳ ማለቱ ነው። ቫይረሱ በዩዘርኢኒት ቦታ ስሙን ጽፎ ከነበረ፣ አንቲቫይረሱ ፋይሉን ሰርዞ ጽሑፉን ሳያስተካክል ሊተወው ይችላል። ዊንሎጎን የሌለ ፋይል ይጠራል፤ ስለዚህ ተጠቃሚው ገብቶ ወዲያው ይወጣል።

ደህናውን ፋይል ቫይረስ ብሎ መሰረዝም አለ። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 21 ቀን 2010 የማካፊ አንቲቫይረስ አንድ ዕለታዊ ማሻሻያ የዊንዶውስ ኤክስፒ ዋና ፋይል የሆነውን ኤስቪሲሆስት እንደ ቫይረስ ቆጥሮ ስላነሳው ብዙ ኮምፒውተሮች ደጋግመው እየጠፉ ይነሱ ነበር። ጁላይ 19 ቀን 2024 ደግሞ የክራውድስትራይክ የደህንነት ፕሮግራም የተሳሳተ ማሻሻያ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን በሰማያዊ ስክሪን አስቁሟል። መፍትሔው በሴፍ ሞድ ገብቶ አንድ ፋይል መሰረዝ ብቻ ነበር፤ ችግሩ በብዙ ቦታ እያንዳንዱ ኮምፒውተር ዘንድ በአካል መሄድ ማስፈለጉ ነው።

መጀመሪያ ፋይሉን ማውጣት

ከማንኛውም ጥገና በፊት ፋይሉ ይወጣል። ለዚህ አመቺው መንገድ በሌላ ንጹሕ ኮምፒውተር ላይ እንደ ኡቡንቱ ያለ የሊኑክስ ስርጭት ፍላሽ ላይ አዘጋጅቶ፣ ኮምፒውተሩን ከዚያ ፍላሽ ማስነሳት ነው። ሊኑክሱ ሳይጫን «ሞክር» በሚለው ምርጫ ይነሳል። ከዚያ የዊንዶውሱ ዲስክ ተከፍቶ ሰነዶቹ፣ ፎቶዎቹና የመመረቂያ ጽሑፉ ወደ ሌላ ዲስክ ይገለበጣሉ። የዊንዶውስ ቫይረስ በዚህ ጊዜ አይሠራም። ሊኑክሱ በደህና ከሠራ ማዘርቦርዱና ራሙ ደህና ለመሆናቸው ጥሩ ማስረጃ ነው። መገልበጥ ያለበት ሰነድ እንጂ ፕሮግራም አይደለም፤ መጨረሻቸው ኤግዜ የሆኑ ፋይሎች ቫይረሱን ይዘው ሊሻገሩ ይችላሉ።

ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ ሊኑክሱ 48 አሃዝ ያለውን የመክፈቻ ቁጥር ይጠይቃል። በአዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ይህ ቁልፍ ባለቤቱ ሳያውቀው በርቶ ሊሆን ይችላል፤ ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ በማይክሮሶፍት አካውንቱ ውስጥ ይገኛል።

ጥገና ቤት የሚወሰድ ከሆነም አንድ ነገር መታወቅ አለበት። «ሲ ብቻ ነው ፎርማት የምናደርገው» ሲባል ዴስክቶፕና ዶክመንትስ ላይ ያለው ሁሉ አብሮ ይጠፋል፤ ሁለቱም በተለምዶ የሚገኙት ሲ ውስጥ ነውና።

እንደ ቆመበት ቦታ መጠገን

ኮምፒውተሩ የዊንዶውስ አርማ ሳያሳይ ከቆመ የማስነሻ ሴክተሩ ወይም የማስነሻ ፋይሉ ተጎድቷል። በዊንዶውስ መጫኛ ፍላሽ ተነስቶ «ኮምፒውተርህን ጠግን» በሚለው በኩል ስታርትአፕ ሪፔር ይሞከራል። ካልሆነ በዚያው ባለው የትእዛዝ መስኮት ቡትሬክ የተባለው ትእዛዝ ከፊክስኤምቢአር አማራጭ ጋር የማስነሻ ኮዱን እንደገና ይጽፋል። ይህ የሚጠቅመው በባዮስ ለሚነሱ ኮምፒውተሮች ነው። ኖትፔትያን በመሰለ ፕሮግራም የተቆለፈ ዲስክ ላይ ግን ፋይሉን አይመልስም። የሐሰቱ የዲስክ ጥገና ስክሪን ገና እየሠራ ከሆነ ወዲያው ማጥፋት ያልተቆለፈውን ሊያተርፍ ይችላል።

አርማው ታይቶ እንደገና የሚጀምር ከሆነ ሴፍ ሞድ ይሞከራል። በዊንዶውስ 7ና ከዚያ በፊት በነበሩት ኤፍ8 በመጫን ይገባል። በዊንዶውስ 10ና 11 መነሳቱ በተከታታይ ሁለት ጊዜ ከከሸፈ የጥገናው ገጽ በራሱ ይመጣል። በሴፍ ሞድ ከተነሳ ችግሩ ያለው በኋላ በሚገባ ድራይቨር ወይም ፕሮግራም ላይ ነው፤ መጨረሻ የተጫነውን ማንሳት ወይም ሲስተም ሪስቶር ማድረግ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ባዶ ዴስክቶፕ ከሆነ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕ አብሮ ተጭኖ ታስክ ማኔጀር ይከፈትና አዲስ ሥራ በሚለው ኤክስፕሎረር ተብሎ ይጻፋል። ዴስክቶፑ ከመጣ ፋይሉ ደህና ነው፤ የተበላሸው በዊንሎጎን ውስጥ ሼል የሚለው መረጃ ነው።

ገብቶ የሚወጣ ከሆነ ሥራው ትንሽ ረዘም ይላል። በጥገናው ገጽ የትእዛዝ መስኮት ሬጅኤዲት ይከፈታል፤ ሎካል ማሽን የሚለው ተመርጦ «ሎድ ሃይቭ» በሚለው በኩል በሲስተም32 ውስጥ፣ ኮንፊግ ፎልደር ያለው ሶፍትዌር የተባለ ፋይል ይጫናል። በጥገናው ገጽ ላይ የዲስኮቹ ፊደል ሊቀያየር ስለሚችል የለመዱት ሲ፣ ዲ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ከዚያ በማይክሮሶፍት፣ ዊንዶውስ ኤንቲ፣ ከረንት ቨርዥን፣ ዊንሎጎን ሥር ያለው ዩዘርኢኒት የሚለው መረጃ ይታያል። ትክክለኛው ጽሑፍ በሲ ዲስክ፣ በሲስተም32 ውስጥ ያለው የዩዘርኢኒት ፋይል ሙሉ አድራሻ ሲሆን መጨረሻው ላይ ኮማ አለው። ሌላ ስም ከተጨመረበት ይጠፋል። ፋይሉ ራሱ ከሌለ ተመሳሳይ የዊንዶውስ ቨርዥን ካለው ንጹሕ ኮምፒውተር ይገለበጣል።

ከተነሳ በኋላ

የተነሳ ኮምፒውተር ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ኢንተርኔት በሌለበት ቤት አንቲቫይረሱ ለወራት ሳይታደስ ስለሚቆይ፣ የማደሻውን ፋይል ከሌላ ቦታ አውርዶ ማምጣት ያስፈልጋል። ሳሊቲን የመሰለ ፕሮግራም በካይ ቫይረስ ብዙ ፋይል ከነካ ግን ሰነዱን አውጥቶ ዊንዶውስን ከንጹሕ መጫኛ እንደገና መጫን ከማጽዳቱ የተሻለ ነው። ፎርማት በቦታው የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

ችግሩን ያመጣው ፍላሽ አብሮ ካልጸዳ ሁሉም ነገር በዚያው ቀን ይመለሳል። በሾርትከት የተተኩት ፎልደሮች በአብዛኛው አልጠፉም፤ ተደብቀዋል እንጂ። በትእዛዝ መስኮት አትሪብ የሚለው ትእዛዝ የመደበቂያና የሲስተም ምልክቶቹን ሲያነሳ ይታያሉ፤ ሾርትከቶቹ ሳይከፈቱ ይሰረዛሉ። ከዚያ በኋላም ፎቶ ኮፒ ቤት የሚሄደው ፍላሽ የሚታተመውን ፋይል ቅጂ ብቻ ይዞ ቢሄድና ዋናው ቤት ቢቀር ይመረጣል።