የአንድ ቀን ፈቃድ፤ ስለ ጃፓን ጭራቅ ቀራፆች በዓል

እ.ኤ.አ. በ1954 ቶሆ የተባለው የጃፓን የፊልም ኩባንያ፣ ከባሕር ወጥቶ ቶኪዮን የሚያወድመውን ጎድዚላን ለተመልካች ባቀረበ ጊዜ፣ በኤይጂ ትሱቡራያ ብልሃት የተሰናዳው፣ ሰው ከውስጡ ገብቶ የሚያንቀሳቅሰው ያ ግዙፍ አካል በጊዜው ሕፃናት በነበሩት ልቡና ታትሞ ቀረ፤ በ1966ም ኡልትራማን በቴሌቪዥን በየሳምንቱ ከጭራቅ ጋር ሲታገል መታየት ስለ ጀመረ፣ ፍቅሩ በተከታዩ ትውልድ ዘንድ ሥር ሰደደ። ነገር ግን ፋብሪካ የፕላስቲክ ምስል ለማውጣት ውድ የብረት ፎርማ ያስፈልገዋልና፣ ወጪውም የሚመለሰው ብዙ ሺህ ሲሸጥ ብቻ በመሆኑ፣ በአንድ ፊልም ብቅ ብሎ ለጠፋ አውሬ ገንዘቡን የሚያወጣ ባለሀብት በቀላሉ አይገኝም ነበር። እንግዲህ ፋብሪካው የተወውን የአፍቃሪው እጅ ሊሠራው ግድ ሆነ፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያም ጋራዥ ኪት የሚባለው ግብረ እድ በጃፓን ተስፋፋ።

ሥራው እንዲህ ነው። ቀራፂው በመጀመሪያ የአውሬውን አምሳል ከጭቃ ወይም እየደረቀ ከሚጠነክር ሊጥ፣ ቅርፊቱንና ጥፍሩን አንድ በአንድ ለይቶ ያበጃል፤ ቀጥሎ ክንዱን፣ ጅራቱንና ራሱን ለያይቶ በሲሊኮን ጎማ ያለብሳቸዋል፤ ጎማው ረግቶ ለሁለት ተከፍሎ ዋናው ቅርፅ ከወጣ በኋላ፣ በቀረው ባዶ ስፍራ ከሁለት ፈሳሾች የተቀላቀለውን ሬዚን ያፈስበታል፤ ይህም በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይጠነክራል። ይህ አሠራር የእኛ አገር አንጥረኛ መስቀል ሲያወጣ በሰም ቀርፆ፣ በጭቃ ለብጦ፣ ሰሙን አቅልጦ በምትኩ ናስ ከሚያፈስበት ጥበብ ጋር ይዛመዳል፤ ልዩነቱ የአንጥረኛው ጭቃ ለአንድ መስቀል ሲሰበር፣ የሲሊኮኑ ፎርማ ጥቂት ደርዘን ቅጂ ከሰጠ በኋላ ማርጀቱ ነው። የዚህ ሥራ ጠላት አየር ነው፤ አንዲት አረፋ በአውሬው ጥርስ ጫፍ ከቀረች ጥርሱ ዱልዱም ሆኖ ይወጣልና፣ ቀራፂው ያንን ብልት ጥሎ እንደገና ያፈሳል።

የዚህ ጥበብ አንዱ መፍለቂያ ኦሳካ ነበር። ካይዮዶ በዚያ አካባቢ በ1964 እንደ ትንሽ የሞዴል መሸጫ ሱቅ ተመሥርቶ ነበር፤ በ1982 ደግሞ የሳይንሳዊ ልብ ወለድ አፍቃሪ የሆኑ ወጣቶች ጄኔራል ፕሮዳክትስ የተባለውን ሱቅ ከፈቱ፤ ቀራፆችንና ገዢዎችን በአንድ አዳራሽ ለማገናኘትም አስበው በ1985 መጀመሪያ በቶኪዮ ዎንደር ፌስቲቫል የተባለውን በዓል መሠረቱ። እዚህ ላይ ግን ከባድ ጥያቄ አለ፤ ጎድዚላ የቶሆ ንብረት እንደ መሆኑ ያለ ፈቃድ ቀርፆ መሸጥ ሕግ መጣስ ነው፤ መደበኛውን የንግድ ፈቃድ ማውጣት ደግሞ ሃያ ቅጂ ለሚሸጥ ሰው ከዐቅም በላይ ነው። መፍትሔው የአንድ ቀን ፈቃድ ሆነ፤ ይኸውም ቀራፂው ከበዓሉ ወራት አስቀድሞ ማመልከቻውን ለአዘጋጁ ያቀርባል፣ አዘጋጁም ባለመብቱን ይጠይቅለታል፣ ባለመብቱ ከፈቀደ ምስሉ በዚያች ቀንና በዚያው አዳራሽ ብቻ ይሸጣል፤ አዳራሹ ሲዘጋ ፈቃዱም ያበቃል።

ስለዚህ ገዢው የሚመኘውን አውሬ በሌላ ቀን ላያገኘው እንደሚችል ያውቃልና፣ በሩ ሳይከፈት ይሰለፋል፤ ከገባም በኋላ ከጠረጴዛው ማዶ የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ምስሉን በገዛ እጁ የቀረፀውን ሰው ነው። በጠረጴዛው ላይ ቀለም የተቀባው አርአያ ቆሞ ይታያል፤ ገዢው የሚወስደው ግን ያልተገጠመና ያልተቀባ የሬዚን ብልት ነው፤ ቤቱ ገብቶ በሳሙና ያጥበዋል፣ የፎርማውን ስፌት በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳል፣ መገጣጠሚያውን በናስ ሽቦ ያጸናል፣ በመጨረሻም ቀለም ይቀባዋል። በዚህም የተነሣ ከአንድ ፎርማ የወጡ ሁለት ጎድዚላዎች በሁለት ቤት ሁለት መልክ ይይዛሉ፤ ገዢውም የጥበቡ ተካፋይ ይሆናል።

በ1992 የበዓሉን አደራ ካይዮዶ ተረከበ፤ ከ2009 ጀምሮም መደበኛ ስፍራው በቺባ የሚገኘው ማኩሃሪ ሜሴ የተባለው ሰፊ አዳራሽ ሆነ። በዚህ ታሪክ ውስጥ እጅግ የማደንቀው፣ ባለመብቱ ንብረቱን ሳያጣ፣ አፍቃሪውም እንደ ሌባ ሳይቈጠር የሚገናኙበት ሥርዐት መገኘቱን ነው። የአንድ ቀን ፈቃድ ጠባብ ይመስላል፤ ነገር ግን ሰው ወራት ሙሉ ደክሞ የቀረፀውን ሳይሸማቀቅ በአደባባይ እንዲያቆም ካስቻለው፣ አንድን ሙያ ከትውልድ ወደ ትውልድ ለማሻገር በቂ መሠረት ነው።