መስኮቱን ማን ይሸከመዋል?

አሜሪካ ሄዶ ቤት የተከራየ ሐበሻ መጀመሪያ ግር ከሚሉት ነገሮች አንዱ መስኮቱ ነው። እኛ ጋ መስኮት በማጠፊያ እንደ በር ይከፈታል፤ ካልሆነም ወደ ጎን ይንሸራተታል። እዚያ ግን ብዙው ወደ ላይ ይነሳል፤ እጃችሁን ስትለቁት ደግሞ እዚያው አየር ላይ ይቆማል። ከባድ መስታወት ነው እኮ! ማን ያዘው? ያረጀ ከሆነ አይቆምም፤ ተከራዩ ዱላ አስደግፎት ይኖራል።

ታሪኩ የሚጀምረው ከእንግሊዝ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) እዚያ ያሉ አናጺዎች ተንሸራታቹን መስኮት በክብደት ማመዛዘን ያዙ። ከፍሬሙ ግራና ቀኝ ገመድ ይታሰራል። ገመዱ በመቃኑ አናት ባለች ትንሽ በከራ ላይ ዞሮ ወደተደበቀ ሳጥን ይወርዳል፤ ጫፉ ላይ እርሳስ ወይም ብረት ይንጠለጠላል። ፍሬሙ ሃያ ኪሎ ቢመዝን በየጎኑ አስር አስር ኪሎ ማለት ነው። የላይኛው ፍሬም እንዳይወርድ ክብደቱ ትንሽ ይጨመርበታል፤ የታችኛው ተዘግቶ እንዲቆይ ደግሞ ትንሽ ይቀነስለታል።

ለንደን በ1666 ነድዳ ስለነበር ሕጉ ከእንጨት ጋር ሲታገል ኖሯል። የ1709ኙ ሕግ መስኮቱ ከግድግዳው ፊት አራት ኢንች ገባ እንዲል አዘዘ፤ የ1774ቱ ሳጥኑን ጭራሽ ከጡቡ ጀርባ ደበቀው። የቆዩ የለንደን ቤቶች መስኮት ቀጭንና ውብ የሚመስለው ለዚህ ነው፤ ውበቱን ያመጣው እሳት መፍራት ነው።

ገመዱ ሲበጠስ አናጺ ይጠራል፣ አዲስ ገመድ ይታሰራል፣ አለቀ። የመሬት ስበት አምራች ድርጅት የለውም፤ አይከስርም።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነበር። የውጭውን መስታወት ለማጽዳት የቤት ሠራተኛዋ በመስኮቱ ወጥታ፣ ደፉ ላይ ተቀምጣ፣ ጀርባዋን ለመንገዱ ሰጥታ መሥራት ነበረባት። ሦስተኛ ፎቅ ላይ! ወደ ቤት ውስጥ የሚጋደመው መስኮት ይህን አስቀረ፤ ስለዚህ «ድሮ ቀረ» ብሎ ማለቃቀስ አያምረኝም።

ሳጥኑም ባዶ ስለሆነ ብርድ ያስገባል። ከ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ በኋላ አሜሪካ ውስጥ ድርብ መስታወትና የፕላስቲክ ፍሬም እየተስፋፋ ሲሄድ ለክብደቱ የሚሆን ቦታ ጠፋ፤ ሞላ ተተካ። ሞላው ራሱ አዲስ አልነበረም፤ በኒውዮርክ ግዛት ሮቸስተር ከተማ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የመስኮት ሞላ ይመረት ነበር። ዛሬ አንዱ ዓይነት በቱቦ ውስጥ በተጠመዘዘ ዘንግ ይሠራል፤ ሌላው ሞላን ከገመድና ከበከራ ጋር አጣምሮ በብረት ቦይ ውስጥ ያስቀምጣል፤ ሦስተኛው እንደ ሜትር ተጠቅልሎ ይዘረጋል።

መለዋወጫ ፍለጋው እዚህ ላይ ይመጣል። ሞላው እንኳን ይገኛል። በብረት ቦዩ ላይ የታተመው ቁጥር ርዝመቱንና ጉልበቱን ይናገራል፤ የቱቦው ዓይነት ጉልበቱን ብዙ ጊዜ በጫፉ ቀለም፣ በቀይ፣ በሰማያዊ ወይም በነጭ፣ ያሳያል። ጽሑፉ ከጠፋ ቱቦው ይለካል፣ ፍሬሙ ወጥቶ በሰው ሚዛን ይመዘናል፣ ለሁለት ይካፈላል። ሞላው ከበረታ መስኮቱ አልዘጋም ይላል፤ ከደከመ ጣት ላይ ይወርዳል።

የሚያስለቅሰው ጫማዋ ናት። ከፍሬሙ ታችኛ ማዕዘኖች የሚወጣው የብረት ምላስ መቃኑ ውስጥ ባለች ትንሽ የፕላስቲክ ጫማ ይገባል። ፍሬሙ ሲጋደም ምላሱ የጫማዋን ልብ አዙሮ ይቆልፋታል፤ ሳትቆለፍ ከተለቀቀች ሞላው ሽቅብ ይተኩሳታል። አምራቾቹ ይህችን ጫማ በየራሳቸው ልክ ሠሯት፤ አንዷ በሌላዋ መቃን አትገባም። ድርጅቱ ሲዘጋ ወይም ሞዴሉን ሲተው፣ በጣት የምትያዝ ፕላስቲክ ስለጠፋች «መስኮቱን በሙሉ ቀይር» ይባላል። የሞላን ቁጥር ማተም የቻለ ኢንዱስትሪ በአንድ የጫማ ልክ መስማማት ያቃተው አይመስለኝም፤ አልፈለገም እንጂ።

የተሰበረችውን ጫማ መጣል ስለዚህ ሞኝነት ነው። ስብርባሪዋ ተሰብስቦ፣ ስፋቷና ውፍረቷ ተለክቶ፣ ከማስመሪያ ጋር ፎቶ ተነስታ ነው ብጤዋ የምትፈለገው። የ1774ቱ ሕግ የደበቀው ሳጥን ግን ለንደን ውስጥ ዛሬም በብዙ ቤት አለ፤ ገመዱም ከሱቅ በሜትር እየተቆረጠ ይሸጣል።