«ሙት ገንዘብ»፦ የፒተር ሂል-ዉድ አደራ እና የአርሰናል ዋጋ

የአርሰናል እግር ኳስ ክለብ የረጅም ዘመን የቦርድ ሊቀመንበር ፒተር ሂል-ዉድ ያረፉት በዲሴምበር 2018 መጨረሻ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ አሜሪካዊው ባለሀብት ስታን ክሮንኬ የክለቡን ቀሪ ድርሻ ጠቅልለው ገዝተዋል። ሰውየውና ሰውየው የወከሉት ሥርዓት በአንድ ዓመት ተሸኙ ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ስማቸው በተነሣ ቁጥር ደጋፊው በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ወገን ጨዋ ባለአደራ ነበሩ ይላል። ለአሰልጣኝ ጊዜ የሚሰጡ፣ በክለቡ ስም ያልነገዱ፣ በሥልጣን ዘመናቸው አምስት የሊግ ሻምፒዮንነትና አምስት የኤፍኤ ዋንጫ የታየባቸው ሰው ናቸው ባይ ነው። ሌላው ወገን ደግሞ አደራ በላ ይላቸዋል። በ2007 ክሮንኬን በአደባባይ ያጣጣሉ ሰው በ2011 ድርሻቸውን ለእኚያው ሰው አሳልፈው መስጠታቸውን ይቅር አይልም። ሁለቱም ወገኖች የሚጠቅሱት እውነት ነው። ክርክሩ መቋጫ ያጣው ሁለቱም የሰውየውን ጠባይ ስለሚመረምሩ ነው። ሊመረመር የሚገባው ግን አደራው የቆመበት መሠረት ነው።

ትርፍ የማያስገኝ ንብረት

የሂል-ዉድ ቤተሰብ ከአርሰናል ጋር ያለው ትስስር ሦስት ትውልድ ይሻገራል። በጥጥ ፋብሪካ ከበለጸገ ቤት የወጡት አያታቸው ሳሙኤል፣ ቀጥሎም አባታቸው ዴኒስ ክለቡን በሊቀመንበርነት መርተዋል። ፒተር፣ በሙያቸው የባንክ ሰው፣ ወንበሩን የተረከቡት አባታቸው በሞቱበት በ1982 ነው። ከውጭ ሲታይ ዘውድ የሚወርስ ቤተ መንግሥት ይመስላል። ይህ ውርስ ግን በገንዘብ ሲለካ ከቁም ነገር የሚገባ አልነበረም፤ ምክንያቱም ሕጉ እንዲህ እንዲሆን አድርጎታል።

የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር «ደንብ 34» በሚባለው ድንጋጌው ክለቦች ለባለአክሲዮኖች የሚከፍሉትን የትርፍ ድርሻ በጠባብ ጣሪያ ወስኖት ነበር። የቦርድ አባላት ለረጅም ጊዜ ደመወዝ እንዳይቀበሉ ተከልክለዋል። ክለብ ቢፈርስ እንኳ ከዕዳ የተረፈው ሀብት ወደ ባለአክሲዮኖች ኪስ እንዲገባ አይፈቀድም ነበር። የዚህ ደንብ ኢኮኖሚያዊ ውጤት ግልጽ ነው። አክሲዮኑ ገቢ የማያስገኝ ወረቀት ስለሆነ፣ ክለቡን ገዝቶ ሜዳውን በመሸጥ ለመክበር የሚያስብ ሰው ወደዚያ አይመጣም። የሚመጣው ክብር የሚሻ ወይም ክለቡን የሚወድ ሰው ነው።

በ1983 ዴቪድ ዲን የተባሉ ነጋዴ 16.6 በመቶ ገደማ የሚሆነውን ድርሻ በ292 ሺህ ፓውንድ ሲገዙ ሂል-ዉድ ተገርመው ሰውየውን እብድ፣ ገንዘቡንም ሙት ገንዘብ ማለታቸው እስከ ዛሬ መሳቂያ ያደርጋቸዋል። ነገር ግን ግምገማው በነበረው ሥርዓት ዓይን ሲታይ የባንክ ባለሙያ ግምገማ ነበር። የስታዲየም ተመልካች እየቀነሰ፣ ሁከት እየበረታ በነበረበት ዘመን፣ የትርፍ ድርሻ የማይከፍል አክሲዮን በእርግጥም ሙት ገንዘብ ነው። ያልተስተዋለው ሌላው ገጽታው ነው፦ ክለቡን ሲጠብቀው የኖረው ይኸው የገንዘቡ ሙትነት ነበር።

ሙቱ ገንዘብ ሲነሣ

በዚያው በ1983 የአርሰናል ጎረቤትና ባላንጣ ቶተንሃም አክሲዮኑን በለንደን ገበያ አቀረበ። ደንብ 34 ክለቡን እንጂ የክለቡን ባለቤት ኩባንያ ስለማይገዛ፣ ከክለቡ በላይ ሌላ ኩባንያ በማቋቋም ደንቡን መዝለል ተቻለ። ማኅበሩም ዝም አለ። በ1992 ፕሪምየር ሊግ ሲመሠረትና የቴሌቪዥን ገንዘብ ሲጎርፍ አጥሩ አስቀድሞ ፈርሶ ነበር።

ፒተር ሂል-ዉድ በእነዚህ ዓመታት ያሳዩት አመራር የመታቀብ አመራር ነበር። የዕለት ተዕለቱን የእግር ኳስ ሥራ ለዲንና ለአሰልጣኞቹ ተዉ። ጆርጅ ግራሃም በ1986 ተቀጥረው በ1989 እና በ1991 ሻምፒዮን ሆኑ፤ ከአንድ የተጫዋቾች ወኪል ገንዘብ መቀበላቸው ሲጋለጥ በ1995 ተሰናበቱ። በ1996 የመጡት አርሴን ቬንገር በ1998፣ በ2002 እና አንድም ጨዋታ ሳይሸነፉ በ2004 ሊጉን አሸነፉ። ቦርዱ በ2006 በ390 ሚሊዮን ፓውንድ ወጪ፣ በአብዛኛው በብድር፣ ከ38 ሺህ ተመልካች ያልበለጠውን ሃይበሪን ትቶ 60 ሺህ ወደሚይዘው ኤምሬትስ ተሻገረ። ዕዳውን ለመክፈል ደጋፊው ውድ ትኬት ገዛ፤ ቡድኑም ምርጥ ተጫዋቾቹን እየሸጠ ከ2005 እስከ 2014 ያለ ዋንጫ ቆየ።

ስኬቱ ራሱ አደራውን የሚያፈርስ ኃይል ሆነ። የዲን ግዢ በ1983 ለጠቅላላው ክለብ የሚሰጠው ግምት 1.8 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ነው። በ2007 ዲን የቀራቸውን 14.6 በመቶ ያህል ድርሻ በ75 ሚሊዮን ፓውንድ ሸጡ። በ2011 ክለቡ በ731 ሚሊዮን፣ በ2018 ደግሞ በ1.8 ቢሊዮን ፓውንድ ተተመነ። በ35 ዓመት ውስጥ የእንግሊዝ የሸቀጥ ዋጋ ከሦስት እጥፍ ጥቂት ሲያልፍ የክለቡ ዋጋ አንድ ሺህ እጥፍ አደገ። አንድ ሺህ እጥፍ ያደገ ንብረትን በጨዋነት ብቻ መጠበቅ ለማንም ከባድ ነው።

ቃልና ድምፅ

በ2007 ክሮንኬ የመጀመሪያውን ድርሻ ሲገዙ ሂል-ዉድ ገንዘባቸውንም እንደ እርሳቸው ያለውንም ሰው አንፈልግም፣ አሜሪካኖቹ የሚያዩት የትርፍ ዕድል ብቻ ነው ሲሉ ተናገሩ። የቦርዱ አባላትም ለተወሰነ ጊዜ ለውጭ ሰው ላለመሸጥ ተስማሙ። በ2008 ግን ክሮንኬ በቦርዱ ተቀመጡ። በኤፕሪል 2011 እያንዳንዳቸው 16 በመቶ ገደማ የነበራቸው ዳኒ ፊዝማንና ኒና ብሬስዌል-ስሚዝ ሸጡላቸው፤ ክሮንኬም አብላጫውን ያዙ። ፊዝማን በጠና ታመው ነበር፤ ሽያጩ በተሰማ በቀናት ውስጥ አረፉ።

በዚያ ሰዓት የሊቀመንበሩ የራሳቸው ድርሻ ከ1 በመቶ በታች ነበር። ይህ ቁጥር የደጋፊዎችን ክርክር ከሞላ ጎደል ይለውጠዋል። የ2007ቱ ንግግር የባለቤት ቃል ይመስል ነበር እንጂ የባለቤት ድምፅ አልነበረውም። ሂል-ዉድ ባይሸጡም ኖሮ ክለቡ ይሸጥ ነበር። ስለዚህ «ሸጡን» የሚለው ክስ መጠኑን ያልፋል።

ከባድ የሆነው ክስ ሌላ ነው። አክሲዮኑ ርካሽ በነበረባቸው ዓመታት፣ ቦርዱ ጥቂት ሰዎች በሆኑበትና እርስ በርስ በሚተማመኑበት ጊዜ፣ አደራውን ወደ ሕግ የሚለውጥ ምንም አልተሠራም። ጀርመን በ1998 ክለቦች የኩባንያ መልክ እንዲይዙ ስትፈቅድ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር የድምፁ አብላጫ በአባላት እጅ እንዲቆይ ደነገገች። የአርሰናል ቦርድ በራሱ ሥልጣን የሀገር ሕግ ማውጣት አይችልም ነበር፤ ነገር ግን የተወሰነ ድርሻን በማይሸጥ የአደራ ተቋም ሥር ማኖር፣ ወይም የክለቡን ስም፣ ሜዳና መለያ ለመለወጥ የደጋፊ ይሁንታ የሚጠይቅ አንቀጽ ማስገባት ለባለአክሲዮኖች ያልተዘጋ መንገድ ነበር። በምትኩ የተፈረመው የጊዜ ገደብ ያለው ስምምነት ነው። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ይላል የሀገራችን ሰው፤ የጊዜ ገደብ ያለው አደራ ግን ቀጠሮ ነው።

ሂሳቡን በመጨረሻ የከፈሉት ትንንሾቹ ባለአክሲዮኖች ናቸው። በ2018 ክሮንኬ ከ90 በመቶ በላይ ሲይዙ ሕጉ ቀሪዎቹን እንዲሸጡ አስገደዳቸው። አንዱ አክሲዮን 29 ሺህ 400 ፓውንድ ገደማ ያወጣ ነበርና በገንዘብ አልተጎዱም፤ እንዲያውም አተረፉ። ያጡት በዓመታዊ ስብሰባ ተነሥቶ ሊቀመንበሩን የመጠየቅ መብት ነው። ሂል-ዉድን በትዕቢተኛነት የሚወቅሱ ብዙዎች ወቀሳውን ያገኙት ከእነዚያ ስብሰባዎች ነው። ትዕቢተኛም ይሁን ጨዋ፣ በዓመት አንድ ቀን ፊት ለፊት የሚቀመጥ ሰው ነበር።

ከአዲስ አበባ እስከ ዱባይና ዋሽንግተን ቅዳሜን ከአርሰናል ጋር የሚያሳልፈው ኢትዮጵያዊ ደጋፊ ያን መብት መቼም አልነበረውም። ማሊያውን ሲገዛና የቴሌቪዥን ክፍያውን ሲከፍል የክለቡን ዋጋ ከፍ ካደረጉት እልፍ እጆች አንዱ ግን ነው። ዛሬ የለንደኑ ነባር ደጋፊም ከእርሱ እኩል ሆኗል፦ ይከፍላል፣ ይዘምራል፣ ድምፅ የለውም። ስለ ሂል-ዉድ የሚደረገው ሙግት ፍሬ የሚኖረው ጥያቄው ሲታረም ነው። «ደግ ሰው ነበሩን?» የሚለው ለቤተሰባቸውና ለወዳጆቻቸው ይቆይ። ለደጋፊው የሚበጀው «ደጉ ሰው ሲያልፍ ምን የተጻፈ ነገር ይቀራል?» ብሎ መጠየቅ ነው። በአርሰናል የቀረው ዋንጫ፣ ስታዲየምና ትዝታ ነው፤ የተጻፈ ነገር አልቀረም።