የፎርዝ ድልድይና የቀለም ዕዳ

የታሪክ መጻሕፍት ስለ ድልድይ ሲያወሩ የሚወዱት ቀን አለ፤ የምረቃው ቀን። ሪባን ይቆረጣል፣ ንግግር ይደረጋል፣ ምዕራፉም ይዘጋል። ትልቁ ወጪ ግን ገና ያኔ መጀመሩ ነው። ለዚህ ከስኮትላንዱ የፎርዝ ድልድይ የተሻለ ምስክር ማግኘት ያስቸግራል።

ይህ የባቡር ድልድይ በኤደንብራ ከተማ አጠገብ፣ የፎርዝ ወንዝ ከባሕር በሚቀላቀልበት ሰፊ ውሃ ላይ የተዘረጋ ነው። ርዝመቱ 2.5 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ንድፉን ያወጡት ጆን ፋውለርና ቤንጃሚን ቤከር ናቸው። ግንባታው እ.ኤ.አ. በ1882 ተጀምሮ ማርች 4 ቀን 1890 ተመረቀ፤ ከ50,000 ቶን በላይ ብረትና 6.5 ሚሊዮን ያህል ሪቬት ፈጀ። በምረቃው ዕለት የዌልሱ ልዑል በወርቅ የተለበጠውን የመጨረሻ ሪቬት መታ። አንዷን ልዑሉ፣ የቀሩትን ሚሊዮኖች ወዛደሩ መሆኑ ነው! በሥራው ላይ የሞቱት ለረጅም ዘመን 57 ናቸው ሲባል ኖሮ፣ የአካባቢው የታሪክ አጥኚዎች መዝገብ ሲያገላብጡ ከ70 በላይ ሆነው ተገኙ። እንግዲህ ሬሳ እንኳ በትክክል ያልቆጠረ መዝገብ የቀለም ቀቢን ላብ ይቆጥራል ማለት ዘበት ነው።

ብረት ውሃና አየር ካገኘው ይዝጋል። የባሕር ጨው ሲጨመርበትማ ይብሳል። ዝገትን የሚከለክለው ስስ የቀለም ልባስ ብቻ ስለሆነ ቀቢዎች ከድልድዩ ላይ ሳይወርዱ አንድ መቶ ዓመት ያህል ኖሩ። በእንግሊዞች አነጋገር «የፎርዝን ድልድይ መቀባት» ማለት ማለቂያ የሌለው ሥራ ማለት ነው። ቀቢዎቹ አንዱ ጫፍ ላይ ሲጨርሱ ሌላው ዝጎ ይጠብቃቸዋል ይባላል። ወሬው ተጋኗል፤ በእርግጥ የሚቀቡት ነፋስና ጨው የበረታበትን ቦታ እየመረጡ ነበር። እኛ አገር ቢሆኑ ኖሮ «ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ» ተብሎ ይተረትባቸው ነበር። ተረቱ ግን አይገባቸውም። ውሃ የሚወቅጥ ሰው ምንም አያተርፍም፤ እነዚህ ሰዎች ግን በየቀኑ አንድ ድልድይ ያተርፉ ነበር።

ምን ያደርጋል፣ ያልወደቀ ነገር ጠባቂው አይታይም። በ1990ዎቹ ወጪ ለመቆጠብ ሲባል የዘወትሩ ቅብ ተቀዛቀዘ። ዝገት ግን በጀት ተቆረጠ ብሎ አያርፍም። በ2002 ትልቁ እድሳት ተጀመረና በዲሴምበር 2011 ተጠናቀቀ፤ ወጪውም 130 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ሆነ። ድልድዩ ሲሠራ የፈጀው 3.2 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ነበር። በርግጥ የ1890 ፓውንድና የ2011 ፓውንድ አንድ ስላልሆኑ ሁለቱን እንዲሁ ማወዳደር አይገባም።

ታዲያ ይህን ሁሉ ገንዘብ ምን በላው? የተቀባው ስፋት 230,000 ካሬ ሜትር፣ ቀለሙ ደግሞ 240,000 ሊትር ነው። ጠቅላላ ወጪው ለስፋቱ ቢካፈል ለአንዱ ካሬ ሜትር 565 ፓውንድ ያህል ይደርሳል። በቆርቆሮ የሚሸጠው ቀለም ብቻውን ይህን አያወጣም። በየቦታው ርብራብ መተከል ነበረበት። ለመቶ ዓመት የተደራረበው ቅብ፣ እርሳስ ያለበትም ጭምር፣ በአየር ግፊት በሚረጭ ደቃቅ ጠጠር ተጠርጎ እስከ ብረቱ ድረስ ተገፈፈ። ፍርፋሪው ባሕር እንዳይገባ የሥራው ቦታ በሸራ ተሸፈነ። የተበላው ብረት ተጠገነ። ከዚያ በኋላ ነው ሦስቱ ቅብ ተራ በተራ የተቀባው፤ መጀመሪያ ዚንክ ያለበት (የኛ ጋራዦች አንቲረስት የሚሉት ዓይነት)፣ ቀጥሎ የመስታወት ቅንጣት የተደባለቀበት ኢፖክሲ፣ በላዩ ላይ የታወቀው ቀይ ቀለም። ይህ ሁሉ ሲሆን ባቡሩ ሥራውን አላቋረጠም። አዲሱ ቅብ ቢያንስ 25 ዓመት ይቆያል ተብሎ ተገምቷል። ከዚያ በኋላስ? እንደገና ብሩሽ ማንሳት ነው።

በ2015 ዩኔስኮ ድልድዩን በዓለም ቅርስነት መዘገበው። የፋውለርና የቤከር ስም ከድልድዩ ጋር ይነሣል፤ የቀቢዎቹን ስም የሚያነሣ ግን እምብዛም የለም። ታሪክ የምንማር ሰዎች «ማን ሠራው?» ብለን መጠየቅ ለምደናል። «ማን አቆየው? ስንትስ ተከፈለው?» የሚለውንም አብረን ብንጠይቅ የብዙ ሐውልት፣ የብዙ ፋብሪካና የብዙ መንገድ ታሪክ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር።