ሰጋቱራ ከወንዝ ወደ ቧንቧ፤ የእንጨት መሰንጠቂያዎች ብናኝ አወጋገድ ታሪክ

እንጨት የሚሰነጥቅ ፋብሪካ ሁሉ ከጣውላው ጋር ሳይፈልገው የሚያመርተው ሁለተኛ ምርት አለ፤ እርሱም ከጣሊያንኛ በተወሰደ ስም በአገራችን ሰጋቱራ እየተባለ የሚጠራው ብናኝ ነው። ክቡ መጋዝ ግንዱን አንድ ጊዜ ሲያልፍበት ከ6 እስከ 8 ሚሊሜትር የሚደርስ ውፍረት ያለውን እንጨት ወደ ብናኝ ይለውጣል። እንደ ቀበቶ የሚዞረው ስስ መጋዝ ግን ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ይበቃዋል። ስለሆነም በክብ መጋዝ የሚሠራ መሰንጠቂያ ከሚያስገባው ግንድ ከአንድ አሥረኛ የማያንሰውን ሰጋቱራ አድርጎ ያስወጣዋል። ይህን ያህል ክምር የት ይድረስ የሚለው ጥያቄ ግን ለረጅም ዘመን የመሐንዲስ ጥያቄ ሆኖ አልተቆጠረም ነበር።

ለዚህ ከኦታዋ ወንዝ የተሻለ ምስክር አይገኝም። በካናዳ ዋና ከተማ አጠገብ፣ ሾዲዬር በሚባለው ፏፏቴ ዳርና ዳር፣ እ.ኤ.አ. ከ1850ዎቹ ጀምሮ ታላላቅ የእንጨት መሰንጠቂያዎች ተተከሉ። ከባለቤቶቹ መካከል ስማቸው ጎልቶ የሚነሣው ጆን ሩዶልፈስ ቡዝና ኢ. ቢ. ኤዲ ናቸው። መጋዙን የሚያንቀሳቅሰው የፏፏቴው ኃይል ነበር፤ ከመጋዙ ሥር የሚወርደውንም ሰጋቱራ ያው ውሃ ጠራርጎ ይወስደዋል። ለዘመኑ ባለ ፋብሪካ ከዚህ የሚረክስ ዘዴ አልነበረም፤ ማራገቢያ አይሻ፣ ሞተር አይሻ፣ ደመወዝ የሚከፈለው ሠራተኛ አይሻ።

ሰጋቱራው ግን ከዓይን ራቀ እንጂ አልጠፋም። ከፏፏቴው በታች ባለው ዝግተኛ ውሃ ግርጌ እየተነጠፈ መበስበስ ያዘ። አየር በማያገኘው ዝቃጭ ውስጥ ሜቴን የተባለው ተቀጣጣይ ጋዝ ተፈጥሮ፣ በክረምት ከበረዶው በታች እየተጠራቀመ ይፈነዳ ጀመር። በ1897 እ.ኤ.አ. በጀልባ ሲጓዝ የነበረ አንድ ገበሬ በዚህ ዓይነት ፍንዳታ ሕይወቱን አጥቷል። ከመጋዙ እጅግ ርቆ የነበረ ሰው በመጋዝ ብናኝ ሞተ ማለት ነው።

ሕግ አልነበረም እንዳይባል ነበር። በ1868 የወጣው የካናዳ የዓሣ ሀብት ሕግ ሰጋቱራ ወደ ውሃ መጣልን ከልክሏል፤ በ1873 የወጣውም ሕግ መርከብና ጀልባ በሚመላለስባቸው ወንዞች ላይ ክልከላውን አጠናክሯል። ነገር ግን ሁለተኛው ሕግ መንግሥት የወደደውን ወንዝ ከክልከላው ነፃ እንዲያደርግ በር ከፍቶ ስለነበር፣ የኦታዋ ባለ ፋብሪካዎች በዚያ በር ገቡ። ያላጠፈው አንድ ሰው ብቻ ይመስላል። ከፏፏቴው በታች ጀልባ እያከራየ ይኖር የነበረው አንትዋን ራቴ፣ የመቆሚያው ዙሪያ በሰጋቱራ ተሞልቶ ሥራው ሲሰናከልበት እነቡዝን ከሰሰ። ክርክሩ ከዓመታት በኋላ ለንደን ከሚገኘው የንጉሣዊ ምክር ቤት የፍርድ ኮሚቴ ደርሶ፣ በ1890 የመክሰስ መብቱ ጸናለት። ሰጋቱራው ወደ ወንዙ መውረዱ የቀረው ግን የ20ኛው ክፍለ ዘመን ከጠባ በኋላ ነው።

መፍትሔው የመጣው ከእንጨት ሥራ ሰዎች ዘንድ አለመሆኑ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ግዛት ጫማ ሠሪ የነበረው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ስተርተቫንት ለጫማ ሥራ የሚያገለግል መሣሪያ ሲያበጅ ከሚነሣው ብናኝ ለመገላገል በ1860ዎቹ የሚስብ ማራገቢያ ሠራ፤ ከዚያም ማራገቢያ መሥራትን ዋና ሥራው አደረገ። ሁለተኛው መሣሪያ፣ ሳይክሎን የሚባለው፣ ከዱቄት ወፍጮ የተገኘ ነው። በ1878 በሚኒያፖሊስ ከተማ አንድ ትልቅ ወፍጮ ቤት በዱቄት ብናኝ ፈንድቶ 18 ሠራተኞች ከሞቱ በኋላ ብናኝን ከአየር መለየት አጣዳፊ ጉዳይ ሆነ፤ በ1885 በሚሺጋን ግዛት የጃክሰን ሰው ጆን ፊንች የሳይክሎንን የፈጠራ መብት አስመዘገበ። አሠራሩ ቀላል ነው። ብናኝ የተሸከመው አየር ከላሜራ በተሠራ፣ ታችኛው ጫፉ እየጠበበ በሚሄድ በርሜል ውስጥ በጎን ገብቶ ይሽከረከራል፤ ከባዱ ብናኝ ወደ ግድግዳው ተገፍቶ ወደ ታች ሲንሸራተት፣ አየሩ በመካከል ባለው ቧንቧ ወደ ላይ ይወጣል። በውስጡ የሚንቀሳቀስ አንድም አካል የለውም፤ ከመቶ ዓመት በላይ ያለ ብዙ ለውጥ የዘለቀውም ስለዚህ ነው።

የሆነ ሆኖ ማራገቢያና ሳይክሎን ገዝቶ መትከል ብቻውን ሰጋቱራ መሰብሰብ አይደለም። ከቆዩ መሰንጠቂያዎች ችግር አብዛኛው የሚመነጨው አየር ሲገፋና ሲሳብ ያለውን ልዩነት ካለማስተዋል ነው። ከቧንቧ አፍ የሚገፋ ነፋስ ፍጥነቱ ወደ አንድ አሥረኛ የሚወርደው የአፉን ስፋት 30 እጥፍ ያህል ርቀት ከተጓዘ በኋላ ነው፤ የሚስብ ቧንቧ ግን ከአፉ በአንድ ስፋት ርቀት ላይ እንኳ ፍጥነቱ ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። ስለዚህ የመሳቢያው አፍ መጋዙ ብናኙን በሚወረውርበት አቅጣጫ ፊት ለፊት፣ በተቻለ መጠን ተጠግቶ መቀመጥ አለበት፤ ራቅ ካለ ሞተሩ ምንም ያህል ቢያገሣ ዋጋ የለውም። በቧንቧው ውስጥ ደግሞ አየሩ በሰከንድ 20 ሜትር ያህል መፍጠን ይኖርበታል፤ ከዚያ ካነሰ ሰጋቱራው በቧንቧው ወለል ላይ እየተኛ መንገዱን ይዘጋል። ፋብሪካው አንድ መጋዝ ጨምሮ በአሮጌው ዋና ቧንቧ ላይ ቅርንጫፍ ሲቀጥል፣ የሁሉም አፎች ስበት ይደክማል፤ ጥፋቱም ብዙ ጊዜ በሞተሩ ይሳበባል።

እርጥብ ግንድ የሚሰነጥቅ ፋብሪካ ሌላ ፈተና አለበት። እርጥቡ ሰጋቱራ ከባድና ተጣባቂ ስለሆነ በየክርናው ይለጠፋል። በዚህ ጊዜ ከመጋዙ በታች ባለ ቦይ ውስጥ ሰጋቱራውን የሚጎትት ሰንሰለት ከነፋስ ይሻላል፤ ኃይልም ይቆጥባል። ከጥንቱ የውሃ ቦይ ጋር ያለው ዝምድናም ግልጽ ነው።

የደቂቁ ብናኝ ጉዳይ ዘግይቶ መጣ። ሳይክሎን ከባዱን ቢይዝም ደቃቁን ወደ ሰማይ ይለቀዋል። በ1960ዎቹ በእንግሊዝ የኦክስፎርድ አካባቢ በቤት ዕቃ ሠራተኞች ላይ ያልተለመደ የአፍንጫ ካንሰር ብዛት ታየ፤ በ1995 ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት የእንጨት ብናኝን ለሰው ካንሰር አምጪ ከሆኑት መደብ መደበው። የጨርቅ ከረጢት ማጣሪያ ከሳይክሎኑ ቀጥሎ መምጣቱ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው።

ካናዳም በዚህ ታሪክ ተመልሳ ትመጣለች። በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ክፍለ ሀገር ጢንዚዛ ያደረቀውን የጥድ ዛፍ የሚሰነጥቁ ሁለት ፋብሪካዎች በ2012 ፈነዱ፤ በጥር ወር በበርንስ ሌክ፣ በሚያዝያ በፕሪንስ ጆርጅ። በእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ሰዎች ሲሞቱ፣ በሁለቱም ላይ ከ40 የሚበልጡ ቆሰሉ። ዛፉ ቆሞ የደረቀ በመሆኑ ብናኙ ቀድሞ ከተለመደው ይልቅ ደቃቅና ደረቅ ነበር፤ በየምሰሶውና በየጨረሩ ላይ ያረፈው ነበር የተቀጣጠለው። የአሜሪካ የእሳት መከላከያ ደንቦች ለእንጨት ብናኝ የአደጋ ምልክት አድርገው ለረጅም ጊዜ የያዙት፣ በአካባቢው ላይ የተነጠፈ 3 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ነው፤ ይህም አንድ ክብ መጋዝ በአንድ ጉዞ ከሚቆርጠው ስፋት ያነሰ ነው።