አጥንትና ስም፦ የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ መሠረቶች በኢትዮጵያ ታሪክ



ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ደርግ 60 የሚሆኑ ባለሥልጣናትንና መኮንኖችን አዲስ አበባ፣ ከርቸሌ ውስጥ ረሽኖ በጅምላ ቀበረ። በማግሥቱ፣ ኅዳር 15 ቀን፣ ዶናልድ ጆሃንሰንና ቶም ግሬይ ሐዳር ላይ የድንቅነሽን ዐፅም አገኙ። የቀናቱ መከታተል አጋጣሚ ነው። እኔ ለዛሬው ንግግሬ መነሻ ያደረግሁት፣ ድንቅነሽን የምናውቅበት ዕውቀትና የተረሸነን ሰው ለቤተሰቡ የምንመልስበት ዕውቀት ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ስለ ሆኑ ነው።

ምንጩ አጥንት ሕያው አካል መሆኑ ነው። አጥንት ያድጋል፣ ይጠግናል፣ ያረጃል፤ ያለፈበትንም ሁሉ በላዩ ይይዛል። የዳሌ ቅርጽ ጾታን፣ የጥርስ አበቃቀልና የአጥንት ጫፎች መግጠም ዕድሜን፣ የጭን አጥንት ርዝመት ቁመትን ይጠቁማል። ድንቅነሽ ለአካለ መጠን የደረሰች መሆኗ የታወቀው የመጨረሻው መንጋጋ ጥርሷ በመብቀሉና የአጥንቶቿ ጫፎች በመግጠማቸው ነው። ስብራትም እንዲሁ ይነበባል፦ እርጥብ እንጨትና ደረቅ እንጨት አሰባበራቸው እንደሚለያይ፣ በሞት ጊዜ የተሰበረ አጥንትና በመቃብር ውስጥ ደርቆ የተሰበረ አጥንት ይለያያሉ። ከሞት በፊት የዳነ ስብራት ደግሞ የጥገናውን ምልክት ይዞ ይቆያል።

ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ተደምሮ የሚሰጠን «ዕድሜው ከ20 እስከ 25 የሆነ፣ ቁመቱ መካከለኛ፣ ግራ ክንዱ በልጅነቱ ተሰብሮ የዳነ ወንድ» የሚል መግለጫ ነው። ስም ከአጥንት አይወጣም። ስም የሚገኘው መግለጫው ሰውዬው በሕይወት ሳለ ከነበረው ማስረጃ ጋር ሲነጻጸር ነው። የጥርስ ራጅ በየክሊኒኩ በሚቀመጥበት አገር ንጽጽሩ ቀላል ነው፤ በእኛ አገር ግን አብዛኛው ሰው እንዲህ ያለ መዝገብ አልነበረውም። መለኪያዎቹም ቢሆኑ ከሌላ ሕዝብ የተወሰዱ ናቸው። ትሮተርና ግሌሰር እ.ኤ.አ. በ1952 ያወጡት ስመ ጥር የቁመት ቀመር የተሠራው በአሜሪካውያን አጥንት ላይ ነው።

ይህ ችግር በተግባር የተፈተነው ከደርግ ውድቀት በኋላ ነው። በ1984 ዓ.ም. የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ፤ የአርጀንቲና የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ቡድንም ለእርዳታ ተጠራ። ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ1984 በአሜሪካዊው ክላይድ ስኖው አሠልጣኝነት የተመሠረተ፣ ሙያውን በገዛ ወገኖቹ መቃብር ላይ የተማረ ነበር። እዚህም በአዲስ አበባ አካባቢ የጅምላ መቃብር ሲከፈት አንገት ላይ እንደ ታሰረ የቀረ የናይሎን ገመድ ተገኘ። ገመዱ የአገዳደሉን መንገድ መሰከረ። ደርግ በጽሑፍ ያስቀራቸው ሰነዶች ትእዛዙን መሰከሩ። የራጁን ቦታ የያዘው ደግሞ የቤተሰብ ትውስታ ነው፦ ከቤት ሲወጣ የለበሰው ሹራብ፣ የጎደለው ጥርስ፣ ወጌሻ ያሸው ክንድ። የደርግ መሪዎች ክስ ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. በጥፋተኝነት ውሳኔ ሲደመደም፣ በቀይ ሽብር ሰለባዎች ቤተሰቦች ዘንድ የቀረው ጥያቄ «ማን ገደለ?» ብቻ አልነበረም፤ «የት ነው ያለው?» የሚለውም ነበር።

የዚህን ጥያቄ ክብደት ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ያለ ቤተሰብ ሁሉ ያውቀዋል። በአገራችን ሰው ሲሞት ይለቀሳል፣ ይፈታል፣ ተዝካሩ ይወጣል። አስከሬኑ ያልተገኘ ሰው እናት ግን ለቅሶ ለመቀመጥም ልጇን መጠበቋን ለመተውም ትቸገራለች።

ስለዚህ ለታሪክ ተማሪዎች የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። የቤተሰብ ትውስታ የዚህ ሳይንስ ግማሽ አካል ነው፤ ላቦራቶሪ ሊተካው አይችልም። አጥንት በአፈር ውስጥ ብዙ ዘመን ይቆያል፤ የልጇን የተሰበረ ክንድ የምታስታውስ እናት ግን አትቆይም። በየመንደራችሁ የጠፋ ሰው ያላቸውን አረጋውያን በትሕትና ጠይቁ፤ ፈቃዳቸው ሲሆን የነገሯችሁን ቀንና ቦታ ጠቅሳችሁ መዝግቡ። መቃብር በሚከፈትበት ቀን ንጽጽሩ የሚደረገው ከዚያ መዝገብ ጋር ነው።